የእሽጉ ዋጋና የጨዋታው ዋጋ

የሚሰበሰቡ ካርዶች ጨዋታ ከተለመደው ካርታ የሚለየው ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ገዝቶ ስለማይገላገል ነው። ካርታ የገዛ ሰው ሃምሳ ሁለቱንም ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ካርታው እስኪያረጅ ድረስ ሌላ ወጪ የለበትም። በዚህኛው ጨዋታ ግን ካርዶቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የሚሸጡት ውስጣቸው በማይታይ ትንንሽ እሽጎች ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋችም ከደረሰው ውስጥ መርጦ የራሱን መጫወቻ ጥቅል ያዘጋጃል። ስለዚህ «ጨዋታው ስንት ያስወጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ አይሆንም። እሽጉ ዋጋ አለው። ከእሽጉ የሚወጣው እያንዳንዱ ካርድ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። ከጓደኞች እኩል ተቀምጦ ለመጫወት የሚጠይቀው ወጪም ሌላ ነው። ተጫዋቾች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ተወደደብን» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ እሽጉ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ዘርፉን የጀመረው «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር ፈጠረው፤ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የሚባል፣ በዚያን ጊዜ ገና ትንሽ የነበረ ኩባንያ ኦገስት 1993 ላይ ለገበያ አቀረበው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው እትም 2.6 ሚሊዮን ካርድ ያህል ነበር። አሥራ አምስት ካርድ የያዘው እሽግ 2.45 ዶላር ይሸጥ ነበር። ጋርፊልድ ያሰበው አንድ ሰው ለአንድ የቤት ውስጥ ጨዋታ የሚያወጣውን ያህል ገንዘብ አውጥቶ ጥቂት እሽጎች ይገዛል፤ ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር እየተለዋወጠ ይጫወታል ብሎ ነበር። ኃይለኛ ካርዶችን ቁጥራቸው አነስተኛ እንዲሆን ያደረገውም ለዚሁ ነው፤ በአንድ የጓደኛሞች ቡድን ውስጥ አንድ ቢገኝ ነው፤ ባይገኝም ጨዋታው አይጎድልበትም። ሰዎች እሽጉን በካርቶን እንደሚገዙ አልገመተም። የካርዶቹ ዋጋ ዝርዝር በመጽሔት ይታተማል፣ አንዷ ካርድ በመኪና ዋጋ ትሸጣለች ብሎም አላሰበም።

እሽጉ በጊዜ ሂደት ስንት ገባ? በ2000ዎቹ አጋማሽ አምራቹ የሚመክረው የችርቻሮ ዋጋ 3.99 ዶላር ደረሰና ለብዙ ዓመታት እዚያው ቆየ። በ2019 ኩባንያው የሚመክረውን ዋጋ ማሳወቁን ጭራሹን ተወ፤ ዋጋውን ገበያው ይወስን አለ። በ2025 መጀመሪያ፣ «ኤተርድሪፍት» የተባለው እትም ሲወጣ፣ የምክር ዋጋው ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ አንድ እሽግ 5.49 ዶላር ሆኗል። ይህ ከ1993ቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ አልፏል። ነገር ግን በእነዚህ ሠላሳ ዓመታት ዶላር ራሱ ረክሷል፤ የ1993ቱ 2.45 ዶላር በ2025 ገንዘብ ወደ 5.40 ዶላር ይጠጋል። የውስጡ ካርድ ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ አራት ዝቅ ማለቱን ካልቆጠርነው ተራው እሽግ እንዳለ አለ ማለት ይቻላል። ይህ ለብዙ ተጫዋች የሚዋጥ ነገር አይደለም፤ ቁጥሩ ግን ይኸው ነው።

ታዲያ ኪስ የሚያራቁተው ምንድን ነው? መልሱ የሚጀምረው እሽጉ ሲቀደድ ከሚታየው ነው። በካርድ መደብር ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ልምድ ያለው ተጫዋች እሽጉን ከላይ በኩል ይቀድና ካርዶቹን በአውራ ጣቱ እየገፋ በቀጥታ ወደ ኋላው ያልፋል። የፊቶቹን ዞር ብሎም አያያቸውም። የሚፈልገው አንዱን «ብርቅ» ካርድ ነው። ካየው በኋላ ይመርጣል፤ ደህና ከሆነ ላስቲክ ውስጥ ይከተዋል፣ ካልሆነ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅለዋል። ማምሻውን መደብሩ ሲዘጋ ጠረጴዛው ላይ የካርድ ክምር ይቀራል፤ ገዝተው የጣሏቸው ናቸው።

በአሥራ አምስት ካርዱ እሽግ አንዱ ብርቅ፣ ሦስቱ መካከለኛ፣ የቀሩት ተራ ነበሩ። በ2008 ከብርቅም በላይ «ሚቲክ» የሚባል ደረጃ ተጨመረ፤ ከስምንት እሽግ በአንዱ ገደማ የብርቁን ቦታ ይይዛል። ዕድሉን በትክክል ለማወቅ ካርዶቹ የሚታተሙበትን ሉክ ማየት ይበቃል። የብርቆቹ ሉክ 121 ካርድ ይይዛል፤ አሥራ አንድ በአሥራ አንድ። በዚያ ዘመን በአንድ ትልቅ እትም 53 ብርቅ ካርዶች ሁለት ሁለት ጊዜ፣ 15 ሚቲኮች ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ ይታተሙበት ነበር፤ 106 እና 15 ሲደመር 121 ይመጣል። አንዲትን የተወሰነች ሚቲክ የፈለገ ሰው እንግዲህ በአማካይ 121 እሽግ መቅደድ አለበት። በ3.99 ሒሳብ ይህ ወደ 483 ዶላር ነው። በውድድር ከአንዲት ካርድ እስከ አራት ቅጂ መጠቀም ስለሚፈቀድ አራቱን በዕድል ለማግኘት የሞከረ ሰው 1,900 ዶላር ይሻገራል። ያውም ለአንድ ዓይነት ካርድ ነው፤ ጥቅሉ ደግሞ ስድሳ ካርድ ይፈልጋል።

ማንም ልብ ያለው ተጫዋች በዚህ መንገድ አይሄድም። የሚፈልገውን ካርድ ከሌላ ሰው ለብቻው ይገዛል፤ የነጠላ ካርድ ገበያም የተወለደው በዚህ ምክንያት ነው። ገበያው የዕድል ጨዋታ ቢመስልም ጠንካራ ሕግ አለው። አንድ መደብር አንድ ካርቶን እሽግ ከፍቶ የሚያገኛቸው ካርዶች በነጠላ ሲሸጡ ከካርቶኑ ዋጋ የሚበልጥ ገንዘብ የሚያስገኙ ከሆነ ሌላ ካርቶን ይከፍታል፤ ጎረቤቱም እንደዚያው ያደርጋል። ነጠላ ካርዱ ይበዛል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ትርፉ ሲሟጠጥ መክፈቱን ያቆማሉ። ስለዚህ እትሙ ገና እየታተመ ባለበት ጊዜ የካርዶቹ ድምር ዋጋ ከካርቶኑ ዋጋ ብዙ ሊርቅ አይችልም። አንዲት ካርድ 60 ዶላር ከወጣች ሌሎቹ የግድ ሳንቲም ይሆናሉ፤ ከላይ የተባለው ክምር ጠረጴዛ ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ይህ ጣሪያ ተጫዋቹን ለረጅም ጊዜ ጠብቆታል። የሚፈርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ካርቶኑ ራሱ ሲወደድ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ሲል ነጠላ ካርዶቹም ተከትለው ይወጣሉ። ሁለተኛው ኅትመቱ ሲቆም ነው፤ ያኔ ጣሪያ የሚባል ነገር አይኖርም።

ሁለተኛው መንገድ ቀድሞ ታየ። በ1995 ኩባንያው «ክሮኒክልስ» በተባለ እትም አሮጌ ካርዶችን ደግሞ በብዛት አተመ። አዲስ ተጫዋቾች ደስ አላቸው፤ አሮጌዎቹን በውድ የገዙ ሰብሳቢዎች ግን ተናደዱ። እነሱን ለማባበል በ1996 «የተጠበቁ ካርዶች ዝርዝር» ወጣ። በዝርዝሩ ያሉ ካርዶች ለጨዋታ በሚያገለግል መልኩ ዳግመኛ እንደማይታተሙ ቃል ተገባ፤ ቃሉ እስከ ዛሬ ድረስ ጸንቷል። ከእነዚህ ካርዶች ታዋቂዋ «ብላክ ሎተስ» ናት። በመጀመሪያው እትም ወደ 1,100 ቅጂ ብቻ የታተመች ሲሆን በ2021 መጀመሪያ አንዷ በጨረታ 511,100 ዶላር ተሸጣለች። እርግጥ ለመጫወት ብሎ ይህን የሚከፍል የለም። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ ዕለት ተዕለት የሚያስፈልጉ ካርዶችም አሉበት። እነሱን የሚፈቅዱ የቆዩ የውድድር ዓይነቶች ላይ አዲስ ተጫዋች የሚያንስበት ዋናው ምክንያት የካርዶቹ ዋጋ በሺዎች መቆጠሩ ነው። ለሰብሳቢው የተገባው ቃል በተጫዋቹ ኪስ ተከፈለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ2019 ወዲህ የመጣው ለውጥ ከዚህ ይለያል፤ እሱ የመጣው ከሻጩ ስሌት ነው። ዊዛርድስ በ1999 በአሻንጉሊት አምራቹ ሐዝብሮ 325 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገዝቷል። ለሃያ ዓመታት ያህል ከእናት ኩባንያው ቅርንጫፎች አንዱ ብቻ ነበር፤ አሻንጉሊቱ እየቀዘቀዘ ሲመጣ ግን ካርዱ ዋና የገቢ ምንጭ ሆነ። በ2022 ማጂክ ብቻውን በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ የሐዝብሮ የመጀመሪያ ምርት ሆነ። ይህን ያህል ገቢ ከአንድ ዓይነት እሽግ አይገኝም። በ2019 መገባደጃ «የሰብሳቢ እሽግ» የሚባል ወጣ፤ የሚያብረቀርቁ፣ ሥዕላቸው የተለየ፣ ክፈፍ የሌላቸው ካርዶች የታጨቁበት፣ ዋጋውም ከተራው ብዙ እጥፍ የሆነ። በዚያው ዓመት «ሲክሬት ሌር» የተባሉ ጥቂት ካርዶች የያዙ ጥቅሎች በኩባንያው ድረ ገጽ በቀጥታ መሸጥ ጀመሩ። አንዲት ካርድ በአንድ እትም አራትና አምስት ዓይነት መልክ ይዛ መውጣቷ የተለመደ ሆነ።

ለዚህ አሠራር መከራከሪያ አለው፤ መከራከሪያውም ባዶ አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰብሳቢ አብረቅራቂውን ሲያሳድድ ተራው ካርድ ለተጫዋቹ ይረክሳል ይባላል። በአንዳንድ እትሞች በእርግጥ እንዲህ ሆኗል። የሚጎዳው ሌላው ነገር ነው፤ ብዛቱና ፍጥነቱ። ቀድሞ በዓመት አራት ዋና እትም ይወጣ ነበር፤ በ2025 ስድስት ወጣ። ዋናውን የውድድር ዓይነት የሚከተል ሰው ያንኑ እሽግ በዚያው ዋጋ ቢገዛም ወጪው በግማሽ ይጨምራል። ማንም ዋጋ አልጨመረበትም፤ ቀን መቁጠሪያው ነው የከበደው።

ከስድስቱ ሦስቱ ደግሞ ከሌላ ዓለም የተዋሱ ናቸው፤ የቪዲዮ ጨዋታ፣ የኮሚክ መጽሐፍ፣ የካርቱን ፊልም ገጸ ባሕርያት የገቡባቸው። መንገዱን የከፈተው በ2023 የወጣው የ«ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» እትም ነው። በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያላት የቀለበት ካርድ በአንዱ የሰብሳቢ እሽግ ውስጥ ተደብቃ ነበር፤ ሙዚቀኛው ፖስት ማሎን ካገኛት ሰው ላይ በሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛት። ቆርኪ እየፈለቀቀ ከሥሩ ሽልማት የፈለገ ልጅ የነገሩን ስልት ያውቀዋል። በጁን 2025 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ» ደግሞ እንደ ሐዝብሮ ኃላፊ መግለጫ በአንድ ቀን 200 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። የእነዚህ እትሞች የምክር ዋጋ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። በዚያው ዓመት ለተራው እትም 5.49 የነበረው እሽግ ለፋይናል ፋንታሲ 6.99 ሆነ፤ የሰብሳቢው ከ24.99 ወደ 37.99፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የመቶ ካርድ ጥቅል ከ44.99 ወደ 69.99 ዘለለ። ለስሙ ባለቤት የሚከፈል ኪራይ አለበት፤ ፈላጊውም የጨዋታው ደንበኛ ብቻ ሳይሆን የቪዲዮ ጨዋታው አድናቂም ነው። በገበያ ላይ የሰብሳቢው እሽግ ከምክር ዋጋው ከእጥፍ በላይ ተሸጧል። እነዚህ ካርዶች ለውድድር የተፈቀዱ በመሆናቸው ገጸ ባሕርያቱን የማይወድ ተጫዋችም «ይቅርብኝ» ማለት አይችልም።

የዋጋው ነገር በአምራቹ ብቻ እንደማይወሰን የሚታየው ግን በፖኬሞን ነው። የፖኬሞን ካርድ በ1996 ጃፓን ውስጥ ተጀመረ፤ በ1999 በዚያው በዊዛርድስ አማካይነት በእንግሊዝኛ ወጣ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ ልጆች የነበሩት በ2020 ደመወዝተኞች ሆነው ወረርሽኙ ቤት ዘጋባቸው። አሮጌ ካርዳቸውን ከሣጥን አወጡ፤ የዩቲዩብ ታዋቂዎችም በሚሊዮኖች ፊት አሮጌ እሽግ መቅደድ ጀመሩ። ካርዶችን መርምሮ ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ የሚሰጠውና በጠንካራ ፕላስቲክ የሚያሽገው ፒ.ኤስ.ኤ. የሚጎርፍለትን ካርድ መቋቋም አቅቶት በማርች 2021 አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው አቆመ። በሜይ ወር ዊስኮንሲን ውስጥ በአንድ የታርጌት መደብር መኪና ማቆሚያ በካርድ የተነሣ ጠብ ሽጉጥ እስከ መምዘዝ ደረሰ፤ ታርጌትም የካርድ ሽያጭን ከመደብሮቹ ለጊዜው አነሣ።

ከዚያ ወዲህ በገበያው የቆሙት አየር በአየር ነጋዴዎች ናቸው። መደብር ሲከፈት በራፉ ላይ ይገኛሉ፤ መደርደሪያውን ይጠርጋሉ፤ ያንኑ ምሽት በኢንተርኔት በእጥፍ ይለጥፉታል። አንዳንዱ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ስስ ሚዛን ይዞ ይዞር ነበር፤ በአሮጌዎቹ እትሞች አብረቅራቂ ካርድ ያለበት እሽግ በጥቂቱ ስለሚከብድ ከባዶቹን መርጦ ቀላሎቹን ለልጆች ይተዋል። ጃፓን ውስጥ አንዳንድ መደብሮች ካርቶኑን ሲሸጡ የላስቲክ ሽፋኑን ቀድደው ማስረከብ ጀምረዋል፤ የተከፈተ ካርቶን እንደ አዲስ ተመልሶ ሊሸጥ ስለማይችል። በኦገስት 2025 የጃፓን ማክዶናልድስ ከልጆች ምሳ ጋር የፖኬሞን ካርድ ሲሰጥ ነጋዴዎች ምሳውን በብዛት ገዝተው ካርዱን ወሰዱና ምግቡን እንዳለ ጣሉት፤ ኩባንያው ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደረሰ።

ፖኬሞን ካርዱን ያሳነሰው ሆን ብሎ ነው የሚለውን ሐሜት ቁጥሩ አይደግፈውም። እስከ ማርች 2024 ባለው አንድ የሒሳብ ዓመት ብቻ 11.9 ቢሊዮን ካርድ ታትሟል። ኩባንያው በ2022 ሰሜን ካሮላይና ያለ ማተሚያ ቤት እስከ መግዛት ሄዷል። ያም ሆኖ በጃንዋሪ 2025 «ፕሪዝማቲክ ኢቮሉሽንስ» ሲወጣ 49.99 ዶላር የተባለው ሣጥን በብዙ ቦታ በዚያ ዋጋ የሚገኝ አልነበረም። ዕቃው «ይወደዳል» ተብሎ የሚገዛ ከሆነ የታተመው ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ማተሚያ ቤት ሲጨመር የሚጨመረው የክምችቱ መጠን ነው።

በዚህ መካከል ከሁለት ያጣው ትንሹ የካርድ መደብር ነው። ዕቃውን የሚያገኘው ከአከፋፋይ በኮታ ነው። በምክር ዋጋው ከሸጠ ነጋዴው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያነሣበታል፤ በገበያ ዋጋ ከሸጠ በየሳምንቱ ጠረጴዛው ላይ የሚጫወተው ደንበኛ «አንተም?» ብሎ ይሄድበታል። አንዳንዶች መላ ዘይደዋል፤ ለአንድ ሰው አንድ እሽግ፣ ያውም እዚያው ፊታቸው ላይ እንዲከፈት።

ተጫዋቹም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ምልክቱ የታየው በ2022 ነው። ማጂክ ሠላሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲል የመጀመሪያዎቹን ካርዶች፣ ብላክ ሎተስን ጨምሮ፣ በአዲስ መልክ አትሞ አራቱን እሽግ በ999 ዶላር አቀረበ። ለ1996ቱ ቃል ሲባል ጀርባቸው ስለተለየ ለውድድር አይፈቀዱም፤ ስልሳ ካርድ በሺህ ዶላር፣ ያውም ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ። በዚያው ወር የባንክ ኦቭ አሜሪካ ተንታኞች ሐዝብሮ ካርድ ከልክ በላይ እያተመ የምርቱን ዋጋ እየገደለ ነው ብለው የአክሲዮኑን ደረጃ ዝቅ አደረጉ፤ አክሲዮኑም ወረደ። ብዙ ተጫዋቾች ደግሞ ቀላል ጥያቄ አነሡ። ለውድድር የማይሆን ምስለ ካርድ ከሆነ የሚሸጠው፣ ቤት ውስጥ በማተሚያ ቢወጣ ልዩነቱ ምንድን ነው? ኩባንያው ራሱ ለግል መጫወቻ የሚሠራና የማይሸጥ ምስለ ካርድ ላይ ጉዳይ እንደሌለው ከዚያ በፊት ተናግሯል፤ የሚከለክለው በይፋዊ ውድድር ነው። በቤት ጨዋታ ወረቀት ቆርጦ ከአሮጌ ካርድ ፊት ላስቲክ ውስጥ መክተት ዛሬ ነውር መሆኑ ቀርቷል።

ሌሎች እሽግ መግዛቱን ትተው የሚያስፈልጋቸውን ብቻ በነጠላ ይለቅማሉ፤ እትሙ ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ መደብሮቹ ካርቶን ከፍተው ገበያውን ሲሞሉት። ጥቂት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ብዙ መቶ ካርዶች ያሉት አንድ የጋራ ሣጥን ይሠሩና በየጊዜው ከዚያው እያደሉ ይጫወታሉ፤ ጋርፊልድ መጀመሪያ ካሰበው ይህ ሳይቀርብ አይቀርም። «ፖፐር» የሚባል፣ በተራ ደረጃ የታተሙ ካርዶች ብቻ የሚፈቀዱበት የጨዋታ ዓይነትም በ2019 ይፋዊ እውቅና አግኝቷል። ሙሉ ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ነው። ከፊሉን ደግሞ በነጻ ማሟላት ይቻላል፤ መደብሩ ሊዘጋ ሲል ጠረጴዛው ላይ ከሚቀረው ክምር።